በኮንሶል ወይስ በኮምፒውተር? «ፋይናል ፋንታሲ 14»ን ከመግዛታችን በፊት ማወቅ ያለብን



ከዓረብ ሀገር ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ምን ይዤላችሁ ልምጣ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ዛሬ ከወጣቶች የሚሰማው መልስ ልብስና ጫማ ብቻ አይደለም። አንዱ ፕሌይስቴሽን ይላል፤ ሌላው ጌም የሚችል ላፕቶፕ ይላል። በውጭ ሀገር ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆችም ይህንኑ ጥያቄ በየቤታቸው ይሰሙታል። ጠያቂው ልጅ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ከፋዩ ወላጅ ግን ብዙ ጊዜ ለምን እንደሚከፍል አያውቅም። በተለይ ጌሙ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚጫወቱት ሲሆን «በየትኛው መሣሪያ ነው የምንገዛው?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋ በላይ ነው። በስህተት የተገዛ ፈቃድ ወደ ሌላ መሣሪያ አይዛወርም፤ ልጁ ጓደኞቹን ላያገኝ ይችላል፤ ወርሃዊ ክፍያው ደግሞ ሳይታወቅ ይቀጥላል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ታዋቂ ጌም ይዘን በኮንሶልና በኮምፒውተር ያለውን ልዩነት እናብራራለን። የመረጥነው የጃፓኑ ስኩዌር ኤኒክስ ኩባንያ ያዘጋጀውን «ፋይናል ፋንታሲ 14» ነው። ምክንያታችን በሁለቱም መሣሪያዎች ረጅም ታሪክ ያለው መሆኑና ነገሩን በግልጽ ለማስረዳት የሚመች መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጌሙ ምን ዓይነት ነው?

ብዙዎቻችን የምናውቀው የፕሌይስቴሽን ቤት እግር ኳስ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ይጫወታል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ይነሳል፣ በማግስቱ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። እኛ የምናወራው ጌም ከዚህ ይለያል። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባህሪ ይፈጥራል፤ ስም ያወጣለታል፤ ሙያ ይመርጥለታል። ያ ገጸ ባህሪ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እያደገ ይሄዳል። ዓለሙ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ያለ ስለሆነ ተጫዋቹ ተኝቶም ቢሆን አይቆምም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ሰዎች በዚያው ዓለም ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይገበያያሉ፣ በቡድን ሆነው ይዋጋሉ።

በእንዲህ ዓይነቱ ጌም ውስጥ ሥራው የተከፋፈለ ነው። አንዱ የጠላትን ምት ይቀበላል፣ ሌላው የተጎዳውን ያክማል፣ የቀሩት ያጠቃሉ። የተለመደው ቡድን 4 ሰው ሲሆን ከባዶቹ ውጊያዎች 8 ሰው ይፈልጋሉ። አንዱ ሥራውን ካቋረጠ ሌሎቹ ይቸገራሉ። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ በኋላ ስለ ጊዜ ስናወራ እንመለስበታለን።

ከውድቀት የተነሳ ጌም

የመጀመሪያው «ፋይናል ፋንታሲ 14» በመስከረም 2010 ለዊንዶውስ ኮምፒውተር ብቻ ወጣ። ለፕሌይስቴሽን 3ም እንደሚወጣ ተነግሮ ነበር፤ ነገር ግን ያ እትም በጭራሽ አልመጣም። ጌሙ ከባድና ዝግተኛ ሆኖ ተገኘ። በኋላ ኃላፊነቱን የተረከበው ናኦኪ ዮሺዳ ችግሩን ሲያስረዳ የተጠቀመበት ምሳሌ እስከዛሬ ይነገራል። በጌሙ ውስጥ አንድ ተራ የአበባ ማስቀመጫ ሲሠራ የወሰደው የሥዕል ዝርዝር፣ የአንድ ተጫዋች ገጸ ባህሪ የሚወስደውን ያህል ነበር። በአንድ ቦታ ብዙ ሰው ሲሰበሰብ ኮምፒውተሩ መሸከም የሚያቅተው ለዚህ ነው።

ኩባንያው በ2010 መጨረሻ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፣ አመራሩን ለወጠ። በኅዳር 2012 አሮጌው ጌም ተዘጋ። በነሐሴ 27 ቀን 2013 ከመሠረቱ እንደ አዲስ የተሠራው እትም ለኮምፒውተርና ለፕሌይስቴሽን 3 በአንድ ቀን ወጣ። በሚያዝያ 2014 ፕሌይስቴሽን 4 ተከተለ። በ2021 የፕሌይስቴሽን 5 እትም መጣ። በመጋቢት 21 ቀን 2024 ደግሞ ለኤክስቦክስ ሲሪስ ወጣ። ኤክስቦክስ ከአስር ዓመት በላይ የዘገየበት ዋና ምክንያት ቴክኒክ አልነበረም። የኤክስቦክስ ተጫዋቾች ከሌሎች መሣሪያዎች ተጫዋቾች ጋር በአንድ ሰርቨር እንዲገናኙ በሚፈቅደው ደንብ ላይ ስኩዌር ኤኒክስና ማይክሮሶፍት ለረጅም ጊዜ ሳይስማሙ ቆይተው ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት እንወስዳለን። ኮንሶል ዕድሜ አለው። ፕሌይስቴሽን 3 የነበረው ዋና ሚሞሪ 256 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር፣ አዘጋጆቹ አዲስ ነገር ለመጨመር በፈለጉ ቁጥር ያ ጥበት ያግዳቸው ነበር። በሰኔ 2017 ለፕሌይስቴሽን 3 የሚሰጠው አገልግሎት ተቋረጠ፤ ባለቤቶቹ ወደ ፕሌይስቴሽን 4 በነፃ እንዲሻገሩ ተፈቀደላቸው፤ መሣሪያውን ግን ራሳቸው መግዛት ነበረባቸው። የዚሁ ኩባንያ ቀደምት ጌም የሆነው «ፋይናል ፋንታሲ 11»ም እንዲሁ ነው። በ2002 በጃፓን በፕሌይስቴሽን 2 ጀመረ፣ በመጋቢት 2016 የፕሌይስቴሽን 2ና የኤክስቦክስ 360 አገልግሎቱ ቆመ፣ በኮምፒውተር ግን ቀጠለ።

ኮምፒውተርም ቢሆን ሁልጊዜ ዋስትና አይደለም። በሰኔ 2015 የማክ ኮምፒውተር እትም ሲወጣ አሠራሩ ደካማ ስለነበር ኩባንያው ሽያጩን አቁሞ ገንዘብ ለመመለስ ተገድዷል። ስለዚህ «ኮምፒውተር አለን» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የቱ ዓይነት ኮምፒውተር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንድ ዓለም ወይስ የተከፋፈለ ዓለም?

ወላጅ ከሁሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው ብለን እናምናለን። በኮንሶል የሚጫወተው ልጅና በኮምፒውተር የሚጫወተው የአጎቱ ልጅ መገናኘት ይችላሉ?

በ«ፋይናል ፋንታሲ 14» መልሱ አዎ ነው። የኮምፒውተር፣ የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ ተጫዋቾች ሁሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ናቸው። አጠገባችን የሚዋጋው ሰው በምን መሣሪያ እንደሚጫወት ማወቅም አያስፈልገንም። ከዚህም በላይ አንድ ሰው ራሱ ቀን በፕሌይስቴሽን፣ ማታ በኮምፒውተር ያንኑ ገጸ ባህሪ ይዞ መቀጠል ይችላል። ገጸ ባህሪው የሚቀመጠው በቤታችን ባለው መሣሪያ ሳይሆን በኩባንያው ሰርቨር ነው።

ሁሉም ጌም ግን እንዲህ አይደለም። «ዘ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን» የተባለው ሌላ ታዋቂ ጌም በሚያዝያ 2014 ለኮምፒውተር፣ በሰኔ 2015 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 4ና ለኤክስቦክስ ዋን ሲወጣ ለየመሣሪያው የተለየ ሰርቨር ተዘጋጀለት። የኮምፒውተሩ ዓለም ሌላ፣ የፕሌይስቴሽኑ ሌላ፣ የኤክስቦክሱ ሌላ፤ እያንዳንዳቸውም የአሜሪካና የአውሮፓ ተብለው ተከፈሉ። በአንዱ ያሳደግነውን ገጸ ባህሪ በሌላው አናገኘውም። ሁለት ወንድማማቾች አንዱ በፍራንክፈርት በኮምፒውተር፣ ሌላው በዋሽንግተን በኤክስቦክስ ሆነው አንድ ዓይነት ጌም ቢገዙ እንኳ አብረው ሊጫወቱ አይችሉም። ጌሙን ከመግዛት በፊት «ጓደኞችህ በምን ይጫወታሉ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል የምንለው ለዚህ ነው።

በ«ፋይናል ፋንታሲ 14» ያለው ክፍፍል የመሣሪያ ሳይሆን የቦታ ነው። የሰርቨር ማዕከላቱ በጃፓን፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና ከ2022 ጀምሮ በኦሺኒያ የሚገኙ ናቸው። በአውሮፓ ማዕከል ገጸ ባህሪ የፈጠረና በሰሜን አሜሪካ የፈጠረ እንደልብ አይገናኙም። ስለዚህ በተለያየ ሀገር ያሉ ዘመዳሞች ገጸ ባህሪ ከመፍጠራቸው በፊት በአንድ ማዕከልና በአንድ ሰርቨር ላይ መስማማት አለባቸው።

ጆይስቲክና ኪቦርድ

ሁለተኛው ልዩነት በእጅ የሚያዘው ነው። በዚህ ጌም አንድ ሙያ ከ20 በላይ ትዕዛዞች ሊኖሩት ይችላል፤ ጆይስቲክ ደግሞ ያሉት ቁልፎች ጥቂት ናቸው። አዘጋጆቹ ያገኙት መፍትሔ ቀላልና ብልህ ነው። ከጆይስቲኩ ጀርባ ካሉት ሁለት ቁልፎች አንዱን ተጭነን ስንይዝ 8 ትዕዛዞች ይቀርቡልናል፤ ሌላውን ስንይዝ ሌሎች 8። በዚህ መንገድ 16 ትዕዛዞች ከጣታችን አይርቁም፤ ተጨማሪ ገጾችንም መቀያየር ይቻላል። በኮምፒውተር ደግሞ እያንዳንዳቸው 12 ቦታ ያላቸው 10 ረድፎችን በስክሪኑ ላይ መደርደርና በኪቦርድና በማውስ ማዘዝ ይቻላል።

ታዲያ ኪቦርድ የያዘ ጆይስቲክ የያዘውን ይበልጠዋል? በዚህ ጌም ያን ያህል አይደለም። አብዛኞቹ ዋና ትዕዛዞች አንዱ ከተሰጠ በኋላ ቀጣዩ እስኪሰጥ 2.5 ሰከንድ ያህል መጠበቅን ይጠይቃሉ። ፍጥነቱ እንደ ተኩስ ጌሞች ስላልሆነ ማሰቢያ ጊዜ አለ። በጆይስቲክ ከባዱን ውጊያ የሚያሸንፉ ብዙ ናቸው። ከዚህም ሌላ ምርጫው በመሣሪያው የታሰረ አይደለም። ጆይስቲክን ከኮምፒውተር ጋር፣ ኪቦርድና ማውስን ደግሞ ከፕሌይስቴሽን ጋር አገናኝቶ መጫወት ይቻላል።

ኪቦርድ በእውነት የሚያስፈልገው ለጽሑፍ ነው። ጌሙ የራሱ የድምፅ መነጋገሪያ የለውም፤ ሰዎች የሚግባቡት በመጻፍ ነው። በጆይስቲክ ፊደል እየመረጡ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ በኮንሶል ለሚጫወት ሰው ርካሽ የዩኤስቢ ኪቦርድ መጨመር ከምንም በላይ ይጠቅማል። ጌሙ የተዘጋጀው በጃፓንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ መሆኑን፣ ታሪኩም እጅግ ብዙ ንባብ ያለው መሆኑን ልብ ይሏል። እንግሊዝኛው ያልጠነከረ ልጅ በሁለቱም መሣሪያ ይቸገራል።

የምስል ጥራት፣ ፍጥነትና የማስቀመጫ ቦታ

በኮንሶል ነገሩ ቀላል ነው። መሣሪያውን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተን ጌሙን እንጭናለን፤ ይሠራል። ማንም ስለ ግራፊክስ ካርድ አይጠይቀንም። ፕሌይስቴሽን 4 አሁንም ጌሙን ያጫውታል፤ ነገር ግን ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ ሲሻገሩ መጠበቁ ይረዝማል። ፕሌይስቴሽን 5 ፈጣን ማስቀመጫ ስላለው ጥበቃው በጣም ያጥራል፤ ምስሉም ይጠራል። የፕሌይስቴሽን 4 ፈቃድ ያለው ሰው ወደ ፕሌይስቴሽን 5 እትም ሲሻገር ለጌሙ እንደገና አይከፍልም።

በኮምፒውተር ውጤቱ እንደ ኮምፒውተሩ ነው። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ከየትኛውም ኮንሶል የተሻለ ምስል ያገኛል፤ ለቢሮ ሥራ የተገዛ ተራ ላፕቶፕ ግን ሊያቅተው ይችላል። በሐምሌ 2024 «ዶውንትሬይል» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ የጌሙ ምስል ስለታደሰ፣ ከዚያ በፊት ይችሉ የነበሩ አንዳንድ አሮጌ ኮምፒውተሮች ከበዳቸው። ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድና ከ100 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ኩባንያው የኮምፒውተርን አቅም የሚለካ ነፃ መሞከሪያ ፕሮግራም በድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። ማንም ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ይህን አውርዶ ኮምፒውተሩን ይለካ። ውጤቱ ዝቅተኛ ከሆነ ልጁ የቱንም ያህል ቢለምን አለመግዛት ይሻላል።

ገንዘቡ የሚያልቅባቸው ቦታዎች

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እናስረዳ።

አንደኛ፦ ፈቃዱ ለየመሣሪያው ለየብቻ ነው። በፕሌይስቴሽን የተገዛው በኮምፒውተር አይሠራም። ገጸ ባህሪው አንድ ነው፤ መግቢያ በሩ ግን በየመሣሪያው ይገዛል። ተጨማሪ ክፍሎችም እንዲሁ።

ሁለተኛ፦ በኮምፒውተር ውስጥ እንኳ ሁለት በር አለ። ጌሙን «ስቲም» ከተባለው መደብር የገዛ ሰው ተጨማሪ ክፍሎቹንም ከስቲም መግዛት አለበት። ከኩባንያው መደብር የገዛም ከዚያው። ርካሽ አገኘሁ ብሎ ከሌላኛው በር የገዛ ሰው የከፈለበት ቁጥር አይቀበልለትም። ዘመድ ከውጭ ሆኖ በስጦታ ሲልክ «ከየትኛው ነው የተገዛው?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፦ ወርሃዊ ክፍያ አለ። በአሜሪካ ዋጋ አነስተኛው በወር 12.99 ዶላር፣ መደበኛው 14.99 ዶላር ነው። አነስተኛውን 12 ጊዜ ብንከፍል 155.88 ዶላር ይሆናል፤ ይህ ከጌሙ ዋጋ ውጭ ነው። መልካሙ ነገር በሁለት መሣሪያ ለሚጫወት አንድ ሰው ወርሃዊ ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። በፕሌይስቴሽን ደግሞ ይህን ጌም ለመጫወት «ፕሌይስቴሽን ፕላስ» የተባለውን ሌላ ወርሃዊ ክፍያ መጨመር አያስፈልግም። ካርድ ካስመዘገብን ክፍያው በየወሩ በራሱ እንደሚቆረጥ አንርሳ።

አራተኛ፦ ነፃው መሞከሪያ። ይህ ጌም የጊዜ ገደብ የሌለው፣ ካርድም የማይጠይቅ ነፃ መሞከሪያ አለው። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ዋናውን ጌምና ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች እስከ ደረጃ 70 ድረስ ይዟል። ይህ ብቻውን የብዙ ወራት ጌም ነው። ገደቦች አሉት፤ በጌሙ ገበያ መሸጥና መግዛት፣ የተጫዋቾች ማኅበር ውስጥ መግባት፣ ለማያውቁት ሰው ቀድሞ የግል መልእክት መላክ አይቻልም። ለልጅ ግን እነዚህ ገደቦች ጉዳት ሳይሆኑ ጥበቃ ናቸው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ሙሉውን ጌም በዚያ አካውንት ላይ ከገዛን ወደ ነፃው መመለስ አይቻልም። ከዚያ በኋላ ወርሃዊው ካልተከፈለ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ በዒድ ስጦታ ስሜት ቸኩሎ መግዛት ጥሩ አይደለም፤ ነፃው እስኪያልቅ መጠበቅ ይቻላል።

ኮምፒውተር የሚሰጠው ነፃነትና ጣጣው

ኮምፒውተር ክፍት መሣሪያ ስለሆነ ሰዎች በጌሙ ላይ የራሳቸውን ተጨማሪ ፕሮግራም ይጭናሉ። አንዱ የውጊያ ውጤት ይለካል፣ ሌላው የገጸ ባህሪ መልክና ልብስ ይለውጣል። በኮንሶል ይህ አይቻልም። የኩባንያው ደንብ ሁሉንም ይከለክላል፤ የተያዘ አካውንት ሊታገድ ይችላል። በ2023 መጀመሪያ ከጌሙ እጅግ ከባድ ውጊያዎች አንዱን በዓለም ቀዳሚ ሆኖ ያሸነፈው ቡድን የተከለከለ ፕሮግራም መጠቀሙ በቪዲዮ ሲጋለጥ፣ ዮሺዳ ያንን ድል እንደማይቀበል በይፋ ጽፏል።

ለወላጅ የሚበልጠው ስጋት ሌላ ነው። ከማይታወቅ ቦታ የሚወርድ ፕሮግራም የይለፍ ቃል ሊሰርቅ ይችላል። ልብስ የሚለውጡት ፕሮግራሞችም ጌሙ ራሱ የሌለውን እርቃን ምስል ሊያመጡ ይችላሉ። ከዚህ አንጻር ኮንሶል ለልጅ የተዘጋ በር ነው። በየትኛውም መሣሪያ ቢሆን በስልክ የሚመጣውን የአንድ ጊዜ የይለፍ ቁጥር መክፈት ያስፈልጋል፤ ነፃ ነው። በሰው መሣሪያ ወይም በጌም ቤት አካውንት ከፍቶ መተው ደግሞ የወራት ድካምን ለማያውቁት ሰው መስጠት ነው።

በሀገር ቤት ለሚጫወቱ

ኩባንያው በአፍሪካም ሆነ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር የለውም። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ የሚወጣ ትዕዛዝ የጎረቤት ሀገሮችን አልፎ በባሕር ሥር ገመድ አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል። ኮንሶልም ኮምፒውተርም ቢሆን ርቀቱ አንድ ነው፤ ውድ መሣሪያ መግዛት መንገዱን አያሳጥረውም። የሚረዳው በዋይፋይ ፋንታ ገመድ መጠቀምና የአውሮፓን ማዕከል መምረጥ ነው። ቀደም ብለን የጠቀስነው የ2.5 ሰከንድ ዝግታ እዚህ ይጠቅማል፤ ትንሽ መዘግየትን ይችላል።

መብራትን በተመለከተ ልዩነት አለ። መብራት ሲሄድ ኮንሶል ወዲያው ይጠፋል። ላፕቶፕ በባትሪው ጥቂት ይቆያል፤ የኢንተርኔት መሣሪያውም ባትሪ ካለው ቢያንስ ጓደኞችን ተሰናብቶ ለመውጣት ጊዜ ይሰጣል። ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ቤት ደግሞ ጌሙ ሲታደስ በየጊዜው ብዙ ጊጋባይት እንደሚያወርድ፣ ሁለት መሣሪያ ካለንም ለየብቻ እንደሚያወርድ ማስላት ይገባል።

ጊዜ፣ ሶላትና የልጆች ጥበቃ

በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌም «ቆይ» የሚባልበት ቁልፍ የለውም። በጀመርነው እንመለስ፤ ቡድኑ በእኛ ላይ ቆሟል። አንድ መደበኛ የቡድን ጉዞ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። በመካከል ጥሎ የወጣ ሰው ለ30 ደቂቃ እንዳይገባ ሊቀጣ ይችላል። እናት «መግሪብ ደርሷል፣ ተነስ» ስትል ልጅ «ትንሽ ቆዪ» የሚለው ሁልጊዜ ከግድየለሽነት ላይሆን ይችላል። ሦስት ሰው እየጠበቀው ነው። ይህ ግን ማመካኛ ሊሆን አይገባም፤ መፍትሔው ሰዓት ሳይቀርብ አለመጀመር ነው። ሶላት ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ከቀረው አዲስ ጉዞ አይከፈትም፣ አለቀ። ጌሙ የዋናውን ታሪክ ጉዞዎች ከሰው ይልቅ በኮምፒውተር ከሚንቀሳቀሱ አጋሮች ጋር ለመሥራት ያስችላል። በዚህ መንገድ የሚጫወት ሰው በሁለት ውጊያዎች መካከል ቆሞ ሄዶ ሰግዶ ቢመለስ የሚያስከፋው ሰው የለም።

ሌላም ማሰሪያ አለ። በጌሙ ውስጥ ቤት የገዛ ተጫዋች ለ45 ቀናት ካልገባበት ቤቱ ይፈርሳል። ሰው ፍላጎት ሳይኖረው ለቤቱ ሲል እየከፈለ ይቀጥላል። ልጆቻችን ይህን ከመግባታቸው በፊት ቢያውቁት መልካም ነው።

ስለ ቁጥጥር ካነሳን ኮንሶል ይመቻል። ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ሁለቱም ወላጅ በቀን ስንት ሰዓትና በወር ስንት ገንዘብ ብሎ የሚወስንበት የቤተሰብ አካውንት አላቸው። ዊንዶውስም ተመሳሳይ አለው፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ለትምህርትም ስለሚያስፈልግ መለየቱ ይከብዳል። ኮንሶል ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ላይ ስለሚሆን የሚታየውን ሁሉም ያያል፤ ላፕቶፕ ግን መኝታ ቤት ይገባል። ይህ ከማንኛውም ሶፍትዌር የበለጠ ለውጥ ያመጣል ብለን እናምናለን።

ይዘቱንም እንመልከት። በአሜሪካ ጌሙ ዕድሜያቸው 13ና ከዚያ በላይ ለሆኑ የተፈቀደ ነው። ይሁን እንጂ ውጊያ፣ መጠጥ ቤት፣ የተራቆተ አለባበስ፣ እንዲሁም ሰዎች ተለማምነው የሚጠሯቸው «አማልክት» ያሉበት ታሪክ አለው። ልጅ ይህን ብቻውን እንዲያየው ከመተው አብሮ ተቀምጦ ማስረዳት የወላጅ ድርሻ ነው።

በመጨረሻም የዕድል ነገር። «ዘ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን» ከ2016 ጀምሮ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ የሚገዛ ሳጥን ይሸጣል፤ መግዣው በእውነተኛ ገንዘብ የሚገኝ የጌም ሳንቲም ነው። ይህ ከቁማር ጋር ያለው መመሳሰል ግልጽ ስለሆነ ከመግዛት በፊት ዑለማዎችን መጠየቅ ይገባል። «ፋይናል ፋንታሲ 14» እንዲህ ያለ ሳጥን አይሸጥም፤ በመደብሩ የሚሸጠው ልብስና ማስጌጫ ዋጋው ታውቆ፣ ዕቃው ታይቶ ነው። ሆኖም በጌሙ ውስጥ የዕጣና የመወራረድ ጨዋታዎች ያሉበት አንድ መዝናኛ ስፍራ አለ። የሚጫወቱበት በእውነተኛ ገንዘብ አይደለም፤ ቢሆንም ልጅን ከልምዱ ማራቅ የሚፈልግ ወላጅ ስፍራው መኖሩን ይወቅ።

እንግዲህ የቱን?

ቤት ውስጥ ኮንሶል ካለ በኮንሶሉ፣ በቂ ኮምፒውተር ካለ በኮምፒውተሩ ይጀመር፤ ለዚህ ጌም ተብሎ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ሁለቱም ከሌሉና የሚገዛ ከሆነ፣ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ኮንሶል ይሻላል እንላለን፤ ቀላል ነው፣ ለቁጥጥር ይመቻል፣ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ያው ገንዘብ ትምህርቱንም ጌሙንም የሚችል ላፕቶፕ ቢሆንለት ይመረጣል፤ ኮንሶሉ ሲያረጅ ይቀራል፣ ላፕቶፑ የተማረበት ዕቃ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ መጀመሪያው ነፃው መሞከሪያ ይሁን። ጓደኞች የት እንዳሉ ይጠየቅ፣ ሰርቨሩ በስምምነት ይመረጥ፣ ካርድ ሳይመዘገብ ጥቂት ወራት ይታይ።

ጌም መጫወት በራሱ ልጅን አያበላሽም፤ መከልከልም ብቻውን አያንጽም። ለምን እንደምንከፍል፣ ልጃችን ከማን ጋር እንደሚውል፣ መቼ መነሳት እንዳለበት አውቀን ከፈቀድን ግን ፈቃዳችን ትርጉም ይኖረዋል። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ ጊዜያችንንም ይባርክልን።

ወላሁ አዕለም።